ልቧ የወጣላት እንሰት

ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ በሚወስደው አገር፣ የአምበሪቾ ተራራ ጠዋት ጠዋት ከጉም ውስጥ አናቱን ብቅ በሚያደርግበት አንድ ዳገት ላይ፣ በእንሰቱ የታወቀ አባወራ ነበር። ጓሮው ከጎረቤቶቹ ጓሮ አይሰፋም። ስሙን ያስጠራችው ከቤቱ በር ፊት ለፊት የቆመች አንዲት እንሰት ናት። አባቱ በሞቱበት ዓመት በገዛ እጁ የተከላት ናት። ግንዷን አንድ ሰው በሁለት እጁ አቅፎ አይጨርሰውም፤ ቅጠሏ ከሣር ቤቱ ጉልላት በላይ ይወዛወዛል። እንግዳ ሲመጣ ሰላምታው ሳያልቅ ዓይኑ ወደ እሷ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ሰላምታውን ሆን ብሎ ያስረዝማል።

በረት ሲጠረግ ፍጉ በሙሉ ለእሷ ነበር። ክረምት ሲገባ ነፋስ እንዳይጥላት ብሎ ከጓሮው አጥር ወፋፍራሙን እንጨት እየነቀለ ደገፋት። ከቤት ጀርባ የቆሙት ጊሽራና ሲስቄላ የሚባሉት እንሰቶች በጥላ ውስጥ፣ በተረፈ ፍግ ያድጋሉ። እነሱን ለይታ የምታውቃቸው ሚስቱ ናት። እንሰት ፍቃ፣ ቡላ ጨምቃ፣ ቆጮ ቀብራ ቤቱን የምታበላው እሷ ስለሆነች፣ የትኛዋ ዘንድሮ፣ የትኛዋ ከሦስት ዓመት በኋላ እንደምትደርስ በልቧ ይዛዋለች። ስለ በሩ እንሰት ስትጠየቅ ግን «እሷ የአባወራው ናት» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

አንድ በጋ ሣር ጠፋ። ከዳገቱ ግርጌ ብዙ ከብት ያለው ባለጸጋ ይኖር ነበር። በአንድ ሌሊት ከብቶቹ ሽቅብ ወጥተው፣ እንጨቱ በተነቀለበት ክፍተት ገብተው ጓሮውን አወደሙት። ቅጠሉን በሉ፤ ግንዱን ረገጡ፤ ለጋ ለጋውን ነቀሉ። ሲነጋ ቆመው የተገኙት ከድንጋይ ካብ ጀርባ የነበሩ ጥቂት ለግላጋ እንሰቶችና ከብት ያልደረሰባት የበሩ እንሰት ብቻ ነበሩ።

ሰውየው ሽማግሌ ጠራ። ሽማግሌዎቹ ከዝግባው ሥር ተቀምጠው ግራ ቀኙን ሰሙ። ባለጸጋው ከብቶቹን ባለማሰሩ ጥፋተኛ ተባለ፤ ካሳም ተቆረጠበት። ከዚያ ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ወደ ከሳሹ ዞሩና፣

«ልጄ፣ ከብቶቹ በድለውሃል፤ በዚህ ማንም አይከራከርህም። አጥርህን ግን ማን ነቀለው?» አሉት።

«እኔው ነኝ፤ ለእሷ ድጋፍ ብዬ ነው።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል አልሰማህም?» ብለው ዝም አሉ።

የተቆረጠው ካሳ አልተከፈለም። ሰውየው በየሳምንቱ ወደ ባለጸጋው ደጅ ይወርዳል፤ ቀጠሮ ተቀብሎ ይመለሳል። በየገበያው፣ በየለቅሶው፣ በየዕድሩ ስለዚያ ሌሊት ያወራል። ሁሉም ያዝንለታል፤ እሱም ሲታዘንለት ደስ እያለው መጣ። እንዲህ ሲል አንድ ክረምት አለፈው። ጓሮው እንደተራቆተ ነበር።

ምክር አላጣም። ልጁ ከጆሃንስበርግ ደውሎ፣ «አባዬ፣ እንሰቱን ይተዉትና ባሕር ዛፍ ይትከሉ። ሆሳዕና ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው፤ ለግንባታ እንጨት ገዢ ሞልቷል» አለው። ሰውየው ተቆጣ። «ባሕር ዛፍ ይበላል እንዴ? የባለጸጋው ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚሉኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወንድሙ ደግሞ፣ «ገበያ የእንሰት ችግኝ አይጠፋም፤ ከየትም ከየትም ሰብስበህ በአንድ ቀን ጓሮህን ሙላው» አለው። ይህ ምክር ጣመው። ከማን ጓሮ እንደመጣ ሳይጠይቅ ከሦስት ገበያ ገዝቶ በአንድ ሳምንት ተከለው። ጓሮው ከሩቅ ለሚያየው ሞላ፤ ጎረቤትም እንኳን ደስ አለህ አለው። ከመካከላቸው ግን አጠውልግ በሽታ ይዞት የመጣ ነበር። የአንዱ ቅጠል ሲጠወልግ በቢላ ቆረጠው፤ ያንኑ ቢላ በእሳት ሳይለበልብ ሌላውን ቆረጠበት። ክረምቱ ሳይወጣ ከተገዙት አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሻጮቹን ሊከስ ፈለገ፤ የማንኛው ሻጭ የትኛው እንደነበር ግን መለየት አልቻለም።

ሰውየው ተስፋ ቆርጦ በተቀመጠ ጊዜ የበሩ እንሰት አበበች። ከአናቷ ትልቅ የአበባ ዘለላ ወጥቶ ወደ ታች ተንጠለጠለ። የሰፈሩ ልጆች ሊያዩ መጡ፤ ከከተማ የመጣ ወጣት ከሥሯ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ሰውየው ነጭ ጋቢውን ለብሶ በሩ ላይ ተቀመጠ።

«አያችሁ? እኔ እኮ አልወደቅሁም» ይል ጀመር።

ሚስቱ እንግዳው ሁሉ እስኪበተን ጠበቀች። ማታ ምድጃው ዳር፣

«የልጆቼ አባት፣ ያበበች እንሰት ማብቂያዋ ነው። ያላትን ሁሉ ለአበባዋ ሰጥታለች፤ ቆጮም ቡላም እምብዛም አይወጣትም። ትቆማለች እንጂ አታበላንም» አለችው።

«ታዲያ እሷን ቀብረን ግልገል እናውጣባታ!»

«ዘገየን። ለሌላ የሚተርፍ ጉልበት የላትም። የዛሬ አራትና አምስት ዓመት ነበር። ያኔ ብናገር ይሰሙኝ ነበር?»

ሰውየው መልስ አልነበረውም።

ጥር ላይ ሚስቱ ዶማና ቢላ ይዛ ወደ ድንጋዩ ካብ ሄደች። ከተረፉት መካከል ሦስት ዓመት የሞላትን፣ ግንዷ እንደ ጎልማሳ ጭን የወፈረውን፣ አንድም እንከን የሌለባትን መረጠች። ቢላውን እሳት ላይ ለበለበችው። እንሰቷን ከነአሚቾዋ ቆፍራ አወጣቻት፤ ግንዷን ከላይ ቆረጠችው። ሰውየው እየሮጠ ደረሰ።

«አንቺ ሴት፣ ምን ሆነሻል? ከቀሩን ሁሉ ደኅናዋን ትገያታለሽ?»

«ደኅና ባትሆንማ ምን ያደርግልኛል? ከደካማ አሚቾ ደካማ ግልገል ነው የሚወጣው።»

ይህን እያለች ቢላዋን በአሚቾው መሃል ሰደደችውና ማደጊያዋን፣ ልቧን፣ ጎርጉዳ አወጣችው። ጉድጓዱን በፍግና በአፈር ሞላችው።

«ልቧስ ምን አደረገሽ?»

«ልቧ እስካለ ድረስ የምታገኘውን ሁሉ ወደ ላይ ነው የምትወስደው። በዙሪያዋ የተኙ ብዙ ዓይኖች አሉ፤ እሷ ወደ ላይ ስትሄድ እነሱ አይነቁም። ልቧ ሲወጣ ጉልበቷ ይከፋፈላቸዋል።»

አሚቾውን መልሳ ቀበረችው። ከላይ አፈር እንጂ የሚታይ ነገር አልነበረም። ሰውየው በየጠዋቱ እዚያ ባዶ አፈር ላይ ይቆማል። መንገደኛ «እንሰትህ የት ሄደ?» ሲለው ያፍራል። አንድ ቀን ሊቆፍርና ሊያይ ጎንበስ ሲል ሚስቱ እጁን ያዘችው። «ያልበቀለ ነገር በየቀኑ አይመረመርም» አለችው።

የበልግ ዝናብ ጣለ። አፈሩ ተሰነጠቀና ከአንድ አሚቾ ዙሪያ ከሃምሳ በላይ ግልገል ወጣ። ሰውየው በደስታ ጮኸ። ሲረጋጋ ከሁሉ የረዘመችውን ለይቶ፣

«ይቺን በሩ ላይ እንትከላት፤ ፍጉን ሁሉ ለእሷ እናድርግላት» አለ።

«እንደገና?» አለች ሚስቱ። ሌላ አልጨመረችም።

ግልገሎቹ በዓመታቸው ተነቅለው ተራ በተራ ተተከሉ። በማግሥቱ ዓመት ርቀታቸው ሰፍቶ እንደገና ተተከሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቤቱ ጎመንና ገብስ በላ እንጂ ከእነሱ አንዷንም አልነካም። የተረፈውን ግልገል ሚስቱ ለጎረቤት አደለች። ሰውየው ሲያጉረመርም፣ «የእኛ ቢጠፋ ዘሩን ከእነሱ እናገኘዋለን» አለችው። የባለጸጋው ሚስት ሳይቀር መጥታ ጠየቀች፤ ለእሷም ሰጠቻት። «ዋጋው አጥር ነው፤ ወንዶቹ በወሰናችን ላይ አብረው ያጥሩ» አለቻት። አጥሩም ቆመ።

ከዓመታት በኋላ፣ ለመሳላ በዓል የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ ቡላውን በቅቤ እየበላ፣ «እዚህ ቤት አንዲት የታወቀች እንሰት ነበረች አሉ፤ የትኛዋ ናት?» ብሎ ጠየቀ። ሰውየው ተነሥቶ ወደ ጓሮው አየ። ሁሉም እኩል ቆመዋል። ለመጠቆም ያነሣውን እጁን መልሶ አወረደውና፣ «ብላ እንጂ!» አለው።

ምሳሌው እዚህ ያበቃል። የሚመለከተው ከምርጫ ሽንፈት በኋላ ራሱን ሊያድስ የሚፈልግን ትንሽ ፓርቲ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ራሱን ወግ አጥባቂ ብሎ የሚጠራውን። ወግ አጥባቂ ሰው በጎውን ነገር ከአባቶቹ ተቀብሎ ለልጆቹ ሊያስተላልፍ ይፈልጋል። ይህ ክቡር ዓላማ ነው። ስህተቱ የሚመጣው መጠበቅንና አለመንካትን አንድ ሲያደርጋቸው ነው። በሩ ላይ ያቆመውን ካልነካው የጠበቀው ይመስለዋል፤ የሚተካው ዘር ግን ከጀርባ ያልቃል።

የሆሳዕና ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የሐዲያ ብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ ድርጅት ወግ አጥባቂ ነኝ ብሎ አያውቅም። ትንሽ ፓርቲ ከሕዝብ ሲወለድና ከዚያ ሲሳሳ ምን እንደሚመስል ግን ከእሱ በላይ የሚያስተምር የለም። በግንቦት 1992 ዓ.ም. ምርጫ ገዢውን ፓርቲ በሐዲያ ምድር በድምፅ አሸነፈው። ገበሬው ለዚያ ድምፅ ከባድ ዋጋ ከፍሏል፤ በዞኑ ሰው ሞቷል፣ ታስሯል፣ በአንዳንድ ቦታም ድምፅ መስጠቱ ተደግሟል። ስለዚህ ከብቶቹ አልገቡም፣ በደል አልነበረም የሚል ሰው ታሪኩን አያውቅም።

በ1997 ዓ.ም. ድርጅቱ የነበረበት የተቃዋሚዎች ኅብረት በመላ አገሪቱ 52 የፓርላማ ወንበር አገኘ። በ2002 ዓ.ም. ግን ኅብረቱ የገባበት መድረክ የተባለው ጥምረት ያገኘው 1 ወንበር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከአዲስ አበባ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር ጠቅልለው ወሰዱ። በ2013 ዓ.ም. በመጀመሪያው ዙር በተገለጸው ውጤት ብልጽግና 410 ወንበር ሲይዝ፣ ከደቡብ የአካባቢ ፓርቲዎች ወደ ፓርላማ የገባው 2 ወንበር ያገኘው የጌዴኦ ሕዝብ ዲሞክራሲያዊ ድርጅት ነው። ነባር እሴትን እጠብቃለሁ ብላ የተወዳደረችው እናት ፓርቲም ወንበር አላገኘችም።

በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የሐዲያ ተቃዋሚ ፖለቲካ ሲነሣ የሚጠራው ስም አንድ ነበር፤ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ። በሽግግሩ መንግሥት ምክትል የትምህርት ሚኒስትር የነበሩ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ያስተማሩ፣ ሌላውን ሰው ተቃዋሚ መባል በሚያስፈራበት ጊዜ ስማቸውን ያልደበቁ ሰው ነበሩ። ብዙዎች ሲሸሹ እሳቸው ቆመዋል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ሥራቸው በከበረ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል። በ1992 ለድርጅቱ ድምፅ የሰጡት ሰዎች ያኔ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሯቸው። ከእነዚያ ልጆች መካከል ስንቱ የወረዳ ሰብሳቢ፣ ስንቱ እጩ፣ ስንቱ ሊቀ መንበር ሆነ? ብዙዎቹ የደቡብ አፍሪካን መንገድ መረጡ። ጉልበት ሁሉ ወደ አንድ ስም በሚወጣበት ቤት ለወጣት የሚቀረው ጭብጨባ ብቻ ነው።

መሪ መለወጥ እንዳለበት ብዙ ፓርቲ ያምናል። የሚስተው ሰዓቱን ነው። የካናዳ ወግ አጥባቂዎች ይህን በከባድ ዋጋ ተምረዋል። ብራያን መልሮኒ ፓርቲውን ከ1983 ጀምሮ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መርቶ ሁለት ታላላቅ ምርጫ አሸነፈ። ተወዳጅነቱ ተሟጥጦ ካለቀ በኋላ በሰኔ 1993 ሥልጣኑን ለኪም ካምቤል አስረከበ። ምርጫው ከአራት ወር በኋላ ነበር። በ1988 ምርጫ 169 ወንበር ያሸነፈው ፓርቲ በ2 ወንበር ቀረ። የካናዳ ወግ አጥባቂነት በአዲስ ፓርቲ ሥር ተሰባስቦ መንግሥት እስኪይዝ ድረስ እስከ 2006 መጠበቅ ነበረበት። ካምቤል ጎበዝ ነበረች፤ የተረከበችው ግን አበባውን ነው።

በምሳሌው ያሉት ሌሎቹም ነገሮች ትርጉማቸው ሩቅ አይደለም። አቤቱታ ተገቢ ነው፤ መዝገብ ይያዝበት፣ ፍርድ ቤት ይሂድ። ነገር ግን አቤቱታን ብቻ ሥራው ያደረገ ፓርቲ የሚያሳዝን ታሪክ እንጂ አባል አይኖረውም። በምርጫ ዋዜማ ከየአቅጣጫው ተለቃቅሞ የሚቆም ጥምረትም ብዙ ጊዜ የሚሰበስበው ጉልበት ሳይሆን የየቤቱን ጠብ ነው። አጥሩ ደግሞ ለሁሉም የሚጠቅም የምርጫ ሕግና የፓርቲ መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ ለመሪው ድጋፍ ተብሎ ከተነቀለ ተቀናቃኝ የሚገባው በዚያው ነው። የእያንዳንዷን እንሰት ዕድሜ የምታውቀው ሴትም፣ በየቀበሌው አባል ቤት ለቤት የምታውቀው፣ በጉባኤው ላይ ግን ቡና ከማቅረብ ያለፈ ወንበር የማይሰጣት ሴት ናት። ፓርቲው ማን እንደቀረው ማወቅ ከፈለገ መጀመሪያ እሷን ይጠይቅ።

ከዚህ የተለየ አቋም ያለው ሰው አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይችላል። አገዛዝ በሚያሳድድበት አገር ጠንካራውን መሪ ማንሣት ራስን ትጥቅ ማስፈታት አይሆንም ወይ? ይህ ጥያቄ ክብደት አለው። መልሱ ግን እዚያው ውስጥ ነው። በአንድ ሰው የቆመን ፓርቲ ለማፍረስ አንድ እስር፣ አንድ ሹመት ወይም አንድ ሕመም ይበቃል። ሃምሳ ሰው በየወረዳው የሚያውቀውን ሥራ የያዘበትን ፓርቲ ግን ማንም በአንድ ሌሊት አይጨርሰውም። አሳዳጅ በበዛ መጠን ተተኪ ማፍራቱ አጣዳፊ ይሆናል እንጂ አይቆይም።

ስለዚህ በሆሳዕናም፣ በዱራሜም፣ በሾኔም ሆነ በአዲስ አበባ ከሽንፈት በኋላ ጉባኤ የምትጠሩ ሁሉ፣ የመጀመሪያው አጀንዳችሁ የመሪው የሥልጣን ዘመን ይሁን። ሁለት ዘመን በሉት፤ በደንባችሁ ጻፉት፤ መሪው ገና ተወዳጅ ሳለ፣ ገና ጤነኛ ሳለ፣ አባሉ «ዛሬ አይደለም» እያለ ሲለምነው ይውረድ። ከወረደም በኋላ አይጣል፤ ልምዱን ለአዲሶቹ የሚያከፋፍልበት ሥራ ይሰጠው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ምክር ለቤት እሳት ብቻ አልተነገረም። ይህን ያልጻፈ ደንብ ይዞ ወግ አጥባቂ ነኝ የሚል ፓርቲ የሚያጠብቀው የአንድን ሰው ወንበር እንጂ ወግን አይደለም።